የወለወልኩት ሳንቲም

ሊባኖስ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ከቆየሁበት ከማዳሜ ቤት ወጥቼ፣ ባውሽሪዬ በሚባል ሰፈር ከሦስት ያገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ በሰው በሰው የተገኘ የቀን ሥራ ነው የምሠራው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጃል ኤል ዲብ የሚባል ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ ሚስታቸው የሞተችባቸው አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው አሜሪካ ነች፤ የምትመጣው በዓመት አንዴ፣ ሐምሌ ላይ ነው።

ቤቱ ብዙ ሥራ የለውም። ብቻውን ያለ ሰው ምን ያቆሽሻል? አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። ሦስት ወር ሙሉ ከ“ቦንዡር” እና ከ“መርሲ” በቀር የተነጋገርነው ነገር ትዝ አይለኝም።

አንድ ቀን ጠዋት መድኃኒት ሊገዙ ወጡ። ጠረጴዛቸውን ስጠርግ በጥጥ ላይ የተቀመጠ አሮጌ የብር ሳንቲም አገኘሁ። መሐሉ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ማዳሜ በሁለት ዓመት ውስጥ “ብራቮ” ያለችኝ የብር ማንኪያዎቿን ስወለውል ብቻ ነበር። እናም መወልወያውን ቅባት ከጓዳ አምጥቼ ሳንቲሙን ፈተግሁት። ከጥቁረቱ ውስጥ የዝግባ ዛፍ ወጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የማነበው የሊባኖስ ዝግባ! ሰው የሚያመሰግነኝ ነገር ከሠራሁ ቆይቼ ስለነበር፣ እስኪመጡ ቸኮልኩ።

መጡ። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

“ማን ነው የነካው?”

“እኔ ነኝ ሙስዮ። ቆሽሾ ነበር።”

“አልቆሸሸም ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “ያ ቀለም ስልሳ ዓመት የፈጀ ነው።”

ሽርጤን መፍታት ጀመርኩ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ ስድብ ነው፣ ከዚያ ፖሊስ እጠራለሁ የሚል ማስፈራሪያ።

“ወዴት ነው? ያላ፣ ተቀመጪ” አሉኝ። በዚያ ቤት ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ሣጥን አወጡ። ውስጡ በጠንካራ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ የታሸጉ ሳንቲሞች አሉ፤ እያንዳንዱ ላይ ፊደልና ቁጥር። ልጃቸው አሜሪካ ወስዳ ለባለሙያዎች ትሰጥላቸዋለች፤ እነሱ ደረጃ አውጥተው ያሽጉታል። ቁጥሩ ከአንድ እስከ ሰባ ይሄዳል። ስልሳና ከዚያ በላይ ማለት ከተሠራ ጀምሮ ገበያ ያልወጣ ነው። ሰባ ደግሞ በአጉሊ መነጽር እንኳ እንከን የማይገኝበት።

“ይሄስ?” አልኩ አንዱን እያሳየሁ። የተቀረጸው ንጉሥ አፍንጫም ዓይንም የለውም።

“አራት። ስሙ ‘ጥሩ’ ነው።”

“ይሄ ነው ጥሩ?”

“ያኒ፣ በእነሱ ቋንቋ” አሉና ሳቁ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ሥራዬን ስጨርስ አጉሊ መነጽሩን ያቀብሉኛል። ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ሸፍነው “ስንት ትሰጪዋለሽ?” ይሉኛል። መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ያለው ቦታ፣ የጉንጩ አጥንትና ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር መሆኑን ተማርኩ። ከንጉሥ ፊት ላይ ሃምሳ አምስትን ከሃምሳ ስምንት የምለይበት ቀን መጣ። እሑድ፣ ለጸሎት በተከራየነው አዳራሽ፣ እህቶች ተቃቅፈው ወሬ ሲለዋወጡ ይህን ለማን እንደማወራው አላውቅም። አንዴ ክፍላችን ውስጥ ለልጆቹ ጀምሬላቸው ነበር። “በስንት ይሸጣቸዋል?” አሉኝ፤ ተውኩት።

ሐምሌ ላይ የወለወልኩትንም ለልጃቸው ሰጧት። “ምን እንደሚሉ ልስማ” አሉ። በዓመቱ ይዛው ስትመለስ በፕላስቲክ አልታሸገም፤ በለስላሳ ላስቲክ ከረጢት ከአንዲት ወረቀት ጋር ነበር። ወረቀቷን ተረጎሙልኝ፦ “እውነተኛ ነው። ተወልውሏል። ደረጃ አንሰጠውም።”

“ፓርዶን ሙስዮ” አልኩ። በዓመቱ እንደ አዲስ አፈርኩ።

“ኸላስ፣ ያ ቢንቲ፤ በቃ ልጄ። ባትነኪው ኖሮ ይሄን ሁሉ ለማን አስረዳ ነበር?”

ሻንጣዎቹን ያየሁት ያን ዕለት ወደ ጓዳ ስሄድ ነው። ልጃቸው አባቷን አሜሪካ ልትወስድ ነበር የመጣችው። እሳቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሚቀጥለው ማክሰኞ በር ላይ ጨበጡኝ፤ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጃቸው “ባባ፣ መኪናው ቆሟል” አለች። ለእኔ የእናቷን ካፖርት ሰጠችኝ። እዚያ ሐምሌ የሙቀት ወር ስለሆነ በክንዴ ይዤው ወረድኩ።

ለማክሰኞ ካራንቲና በሚባል ሰፈር የማጸዳው የአንድ መጋዘን ቢሮ አገኘሁ። ቁልፉን ዘበኛው ያቀብለኛል፤ ሠራተኞቹ ሳይገቡ ጠርጌ እወጣለሁ። ሁለት ዓመት ሠራሁበት። ወንበሮቻቸውን፣ ሲኒዎቻቸውን፣ የልጆቻቸውን ፎቶ አውቃለሁ። ከእነሱ መሐል ግን መልኬን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።