የፊፊታ ቅናትና የሃቬያ አንጀት

ፊፊታን የሚያውቃት ሰው ሁሉ በሁለት ነገር ያውቃታል፤ በሰሌኗና በቅናቷ። በደሴታችን ለቤተ ክርስቲያንም ሆነ ለለቅሶ ሰው ወገቡ ላይ የሚያስረውን ሰሌን እንደ እሷ አጥብቆ የሚታታ የለም። ቅጠሉን ባሕር ውስጥ ነክራ፣ በፀሐይ አንጥታ፣ በጥፍሯ ሰንጥቃ የታታችው ሰሌን ውሃ አያሳልፍም። ቅናቷም እንደዚያው ነው።

የምትቀናበት ባሏ ሃቬያ መልከ መልካም አይደለም። ቦዬ የሚተክል፣ አሳማ የሚያረባ፣ ሲስቅ ከጥርሱ ይልቅ ድዱ የሚታይ ሰው ነው። እኛ ሰሌን መታቻው ቤት አብረናት የምንውል ሴቶች "ኧረ ማን ይወስድብሻል?" ብለን ስንቀልድባት ደግሞ ትቆጣለች። "ምን ጎደለው?" ትለናለች።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከካቫ ቤት ነው። ዓርብ ዓርብ ወንዶቹ እዚያ ክብ ሠርተው ይቀመጡና በውሃ የተበጠበጠውን የካቫ ሥር እየጠጡ፣ ምላሳቸውም ሐሳባቸውም እየደነዘዘ ይዘፍናሉ፣ ይቀልዳሉ። የምትቀዳላቸው አንዲት ያላገባች ልጅ ናት፤ ካቫው የተበጠበጠበት የእንጨት ገበታ ፊት ተቀምጣ በኮኮናት ዋንጫ እየቀዳች ታቀብላለች። ይህች ልጅ ከተቀመጡት ወንዶች ላንዱ እንኳ ዘመድ ከሆነች መቅዳት አትችልም፤ ቀልዱ እህት ፊት የማይወራ ነውና። ፊፊታን የሚያንገበግባት ይኼ ነበር። "ዘመዱ ብትሆንማ ገና ድሮ ተነሥቶ ይመጣ ነበር" ትላለች።

የሃቬያ ክብ ቀጂ ሎሴ ትባላለች። ከሩቅ ደሴት መጥታ አክስቷ ዘንድ የተቀመጠች፣ ቀን ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ ሳቋ ከመንገድ የሚሰማ ልጅ ናት። እዚህ ዘመድ ስለሌላት የማትቀዳበት ክብ የለም።

ፋሲካ ላይ ፊፊታ ባሏን ካቫ ቤት ሁለተኛ አልሄድም አስብላ አስማለችው። ከዚያ ወዲህ ሃቬያ ዓርብ ዓርብ እስኪነጋ የሚቆይ የመዝሙር ልምምድ አበዛ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነው።

"መዝሙር ዓይን ያቀላል እንዴ?" ትለዋለች።

"ድምፁ ከፍ የሚለው ላይ ስለምጨነቅ ነው።"

አንድ ቀን ሲታጠብ ስልኩን ከፍታ የሎሴን ቁጥር ወሰደችና በራሷ ስልክ ላይ "እባቧ" ብላ መዘገበችው። ደውላ የምትሰድባትን ስድብ ሰሌን መታቻው ቤት ታሰማን ነበር። እኛም ይኼ ይጨመር፣ ያኛው ይውጣ እያልን እናሳምርላታለን። ስድቡ ሳምንት በሳምንት እያማረ ሄደ፤ እሷ ግን ደውላ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሃቬያ ቦዬ ማሳው ውስጥ ወደቀ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ያስመልሰዋል፣ ያልበዋል። በባለቤቴ ፒካፕ ጭነን ሆስፒታል አደረስነው። ሕፃኗ ሴት ልጃቸውን እኔ ታቅፌ፣ ፊፊታም የባሏን ራስ ታቅፋ ኋላ ላይ ተቀምጠን ነበር። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሆዱን ነካ ነካ አድርጎ የራጅ ፎቶውን እንዳየ፣ አንጀቱ ተጠማዝዟል፣ ዛሬውኑ ካልተከፈተ የተጠማዘዘው ይሞታል አለ። ከዚያ የማደንዘዣ ሐኪሟ ዶክተር ቫሲቲ መጣች። አጠር ያለች፣ የምትቸኩል የማትመስል ሴት ናት።

"ሃቬያ፣ ካቫ ጠጥተሃል?"

ሃቬያ መጀመሪያ ያየው ሚስቱን ነው። "ትቻለሁ፣ ዶክተር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ ወዲህ።"

ዶክተሯ ክንዱን ይዛ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። የደረቀው ቆዳ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሣ። "ካቫ ቆዳ ያደርቃል፤ ያንተ የተወ ሰው ቆዳ አይመስልም።"

"የፀሐይ ነው።"

"ስማኝ ወንድሜ። ከማደንዘዣው በፊት እንድትረጋጋ፣ እንድታንቀላፋ የምሰጥህ መርፌ አለ። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ሁልጊዜ እሰጠዋለሁ። ግን ካቫም የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው። ሁለቱ ሰውነትህ ውስጥ ከተገናኙ ተባብረው ትንፋሽህን ያስተኙብኛል። የጠጣኸውን ሳላውቅ የምሰጥህን መለካት አልችልም።"

"አልጠጣሁም አልኩ እኮ" አለ፤ አሁንም ሚስቱን እያየ።

ዶክተሯ ነገሩ ገባትና እኔንና ፊፊታን ወደ ኮሪደሩ አስወጣችን። ትንሽ ቆይታ እርጥብ ጨርቅ በእጇ ይዛ ተከትላን ወጣች፤ አስመልሶባት ነበር።

"አሁን ደግሞ ሁለት ዋንጫ ነው ይላል" አለች። "በሕይወቴ ሁለት ዋንጫ ጠጥቶ የተነሣ ወንድ አላየሁም።"

"ካቫው እስኪለቀው ብንጠብቅስ፣ ዶክተር?" አለች ፊፊታ።

"እኔ እጠብቃለሁ፤ አንጀቱ ግን አይጠብቅም። ማን ናት የምትቀዳለት? ቀጂዋ ታውቃለች።"

 የሎሴ ቁጥር ፊፊታ ስልክ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን መናገር የእኔ ድርሻ አልነበረም። ብትደውል ባሏ እንደዋሻት በገዛ ጆሮዋ ልትሰማ ነው፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ከእሷ የበለጠ እንደምታውቅ ሆስፒታል መካከል ልትመሰክር ነው። ባትደውል ሐኪሟ በግምት ልትሠራ ነው። ከውስጥ የሃቬያ ማቃሰት ይሰማል። ፊፊታ ወገቧ ላይ ያሰረችውን ሰሌን ጠበቅ አደረገችና ስልኳን አውጥታ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ ደወለች።

"ሎሴ ነሽ?"

"አዎ፣ ማን ልበል?"

"ፊፊታ ነኝ። የሃቬያ ሚስት።"

ከወዲያ የዳቦ ቤቱ ጫጫታ ይሰማል። ሎሴ ቀስ ብላ "እትዬ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ" አለች። "ለመሰደብ ከሆነ ስወጣ ይደውሉልኝ።"

"ስድቡ ይቆይሽ። ትናንት ስንት ጠጣ?"

"እሱማ ትቷል እኮ… እኔ…"

"አንቺ ልጅ፣ ሆዱን ሊከፍቱት ነው። የጠጣውን ካላወቁ መድኃኒቱ ይገድለዋል። ውሸቱ ለእኔ ይብቃኝ፣ አንቺ አትጨምሪበት።"

ሎሴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከመሸ ጀምሮ እስኪነጋ ነበር። ሌላው ሲነሣ እሱ አልተነሣም። ገበታው አልቆ እንደገና ስበጠብጥ ሁሉ እሱ እዚያው ነው። ዋንጫውን ሙይልኝ ይለኛል፣ እሞላለታለሁ።" ቀጠለችና "ሆዱን ስለሚያመው ነው እኮ፣ እትዬ። ካቫው ያደነዝዝልኛል ይላል። ቦዬ ከተከላችሁ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው። ሐኪም ዘንድ ሂድ ብዬዋለሁ፣ ለእርስዎም የነገረዎት መስሎኝ" አለች።

ዶክተር ቫሲቲ ስልኩን ተቀበለች። መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ የበላው ነገር ካለ ጠየቀች። ሊነጋጋ ሲል ጠጥቶ፣ ሲሄድ ዓሣ በጎደሬ በልቷል። "ጎበዝ ልጅ" ብላ ስልኩን መለሰችና "ያን መርፌ ትቼዋለሁ" አለችን። "ማደንዘዣውንም ከልማዴ ቀንሼ፣ እያየሁ ጥቂት በጥቂት ነው የምሰጠው። ሆዱም ባዶ አይደለም፤ ትንፋሹን በቱቦ ቶሎ እይዘዋለሁ። አሁን ከማን ጋር እንደምሠራ አውቃለሁ።" ገባች።

ፊፊታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስለ ውሸቱ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ሕመሙን ለእሷ ነገራት" አለች። "አጠገቡ የምተኛው እኔ፣ ሆዱን የምታውቀው እሷ። 'ጎበዝ ልጅ' ስትላት ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

"ሌላ ነገር ቢሰጣት ይሻለኝ ነበር። ቀለበት እንኳ ቢሆን መንጭቄ እቀበላት ነበር። ሕመም እንዴት ይነጠቃል?"

 ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። "እኔ ግን አንድ ነገር ይገርመኛል" አልኳት፤ "እንዲህ ባትቀኚ ኖሮ ቁጥሯን ከየት እናመጣው ነበር?"

በሳቅና በልቅሶ መሐል የሆነ ድምፅ አወጣች። ሕፃኗ ጆሮዋን ይዛ ጎተተቻት።

ሃቬያ ከአንጀቱ ቁራጭ ተወስዶለት በሰላም ወጣ። ሙሉ በሙሉ ሲነቃ ፊፊታ ሌላ ምንም ሳትል "ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?" አለችው።

"ሆዴን አመመኝ ብልሽ ምን ጠጥተህ ነው ትይኛለሽ" አለ በሻከረ ድምፅ። "ከዚያ የት ጠጣህ፣ ከዚያ ማን ቀዳልህ ይመጣል። ሆድ ቁርጠቱ ቀለለኝ።"

ሰኞ ሎሴ ትኩስ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ መጣችና የክፍሉ በር ላይ ቆመች። የሌሎቹ አልጋዎች አስታማሚዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። ፊፊታ ከላይ እስከ ታች አየቻት። አንድም ስድብ አልወጣትም፤ ያን ያህል ተለፍቶበት።

"ግቢ። በዚያ አይደለም፣ በእኔ በኩል ተቀመጪ። ዳቦ ገና አልፈቀዱለትም።"

"ለእርስዎ ነው፣ እትዬ።"

ፊፊታ ዳቦውን ቆርሳ ለእኔም ሰጠችኝ። አላምጣ ሳትጨርስ "ለመሆኑ ያን ሁሉ ሰዓት ምን እያወራ ነው የሚያመሸው?" አለቻት።

"ስለ አሳማው።"

"ስለ የትኛው?"

"ስለ ነጠብጣቧ። እንዴት እንደወፈረች፣ ስትጠራ እንዴት እንደምትመጣ።"

ሃቬያ የተኛ መስሏል፤ የዓይኑ ቆብ ግን ይንቀጠቀጣል።

"ስለ እኔስ?"

ሎሴ አሰበች። "ሰሌንዎ ውሃ አያሳልፍም ይላል። ሲደጋግመው ወንዶቹ ይስቁበታል።"

 ፊፊታ ሌላ ቁራሽ ቆርሳ ለልጅቷ አቀበለቻትና የሃቬያን ብርድ ልብስ በማያስፈልግ ቦታ ሁሉ ስታስተካክል ቆየች።

ወደ ቤት ስንመለስ ፒካፑ ውስጥ ስልኳን አውጥታ "እባቧ" የሚለውን አጠፋችና "ሎሴ ቀጂዋ" ብላ ጻፈች። ቁጥሩን የምትሰርዘው መስሎኝ ነበር።

"ታዲያ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል? ካቫ ተከልክሏል እኮ" አልኳት።

"ሃቬያን አታውቂውም እንዴ" አለች። "ሲድን ይሄዳል። አዲስ ቀጂ ከመጣችም የእሷን ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ነው የምይዘው።" ቀና ብላ አየችኝ። "ቅናት እንዳይመስልሽ ደግሞ። ለሐኪም ነው።"