የአርብ አስቤዛ

እኛ ቤት አስቤዛ በወር አንዴ ነው። ይህን በኩራት የምናገርበት ጊዜ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሲኒ ዘይት እያለ በየቀኑ ባለሱቁን ሲያበለጽግ፣ እኛ ደመወዝ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮልፌ ገበያ ሄደን የወሩን ሁሉ ጭነን እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ የሱቅ ደጃፍ አንረግጥም። “ጊዜም ይተርፋል፣ ገንዘብም ይተርፋል” ትላለች እናቴ። በሰፈራችን በቀራንዮ፣ ቆጣቢ ሴት ሲነሳ የእሷ ስም ሳይጠራ አይቀርም።

በልጅነቴ አስቤዛውን የሚገዛው አባቴ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ከጭነት መኪና ሸራ የተሰፋ አረንጓዴ ቦርሳ ነበረው፤ ማንገቻው ከአሮጌ መኪና የተፈታ የወንበር ቀበቶ ነው። የሰፋችው እናቴ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም በምትሰፋባት የእግር ስፌት መኪና። አባቴ አርብ ባዶውን ቦርሳ አንግቶ ይወጣና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ይዞ፣ ከኋላው ማዳበሪያ የተሸከመ ሰው አስከትሎ ይመለሳል። አርብን “ዋጋ ሲያጣራ” ይውልና መርካቶ ዘመዱ ጋ ያድራል። ገበያ ማለት ሁለት ቀን የሚፈጅ ነገር ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

በዚያች አርብ እናቴ እህል አትቀምስም። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ የአርብ ጾም የለብንም። እሷ ግን በወር አንዷን አርብ ጾም ጸሎት ይዣለሁ ብላ መኝታ ቤቷን ትዘጋለች። ቅዳሜ ዕቃው ሲመጣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ወገቧን አስራ ታራግፋለች። ሽሮውንና ሩዙን ወደ ጓዳ ሳመላልስ ባጉረመረምኩ ቁጥር የምትለኝ አንድ ነገር ነበር። “በወር አንዴ እኮ ነው፤ ይቻላል።”

አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ከልጆቼ ጋር እናቴ ቤት ነኝና አስቤዛው ወደ እኔ ዞረ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ያንኑ ቦርሳ አንግቼ ሄድኩ፣ ዝርዝሩን በአባቴ ቅደም ተከተል ጻፍኩ፦ መጀመሪያ ጨው፣ መጨረሻ “ሻማ፣ ለማንኛውም”። ምስር ሳይገዛ በፊት አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሱ የመንከስ ልማድ ነበረው፤ እኔም ነከስኩ። ሁሉን ጨርሼ በአራት ሰዓት ውስጥ ቤቴ ገባሁ።

“አባዬ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ሲሠራበት ነበር?” አልኩ እየሳቅሁ።

“እሱ ዋጋ ያጣራል” አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

እህሉንና ቅመሙን የምንገዛው ከአንዲት አሮጊት ነበር፤ አባቴም ዕድሜውን ሙሉ ከእሳቸው ነው የገዛው። እኔን ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ነው የሚመዝኑልኝ። ሐዘኔን አክብረው ነው ብዬ ወደድኳቸው። አምና እግራቸውን ታመው ቤት ሲውሉ ልጃቸው ተተካች። ልጅት ወሬ ትወዳለች። ነገሩ የጀመረው ከእሷ ጋር ነው።

“ምነው፣ የትናንቱ አለቀ እንዴ?” አለችኝ አንድ ቅዳሜ።

“የምን ትናንት?”

“ትናንት በርበሬ አልወሰድሽም? ምስርስ?”

ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብሽ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። በሚቀጥለው ወር ግን ምስሯን ልነክስ ወደ አፌ ሳስጠጋ ሚዛኑን አስቀምጣ አየችኝ። “ትናንትም ነክሰሽ፣ ዛሬም? ጥርስሽን ሰብረሽ እንዳትከሺኝ!” ከዚያ ፈገግታዋ እየጠፋ ፊቴን ታጠና ጀመር። “አመመሽ እንዴ? በአንድ ሌሊት እንዲህ ከሳሽ?”

ሰው ከማንም ጋር ያምታታኝ፣ ግድ የለኝም። የምስሯ ነገር ግን ክው አደረገኝ። ያን የሚያደርግ ከአባቴና ከእኔ ሌላ አላውቅም።

የፈራሁትን ልናገር። የእናቴ ታላቅ እህት ከሞተች ቆይታለች። አእምሮዋ ሲከዳት መጀመሪያ የታየባት በገበያ ነው። ጨው ገዝታ ትመጣለች፣ መግዛቷን ትረሳና ተመልሳ ትሄዳለች። ቁም ሳጥኗን ስንከፍተው ከላይ እስከ ታች ጨው ነበር። በመጨረሻ የገዛ ልጇን “አንቺ ሴትዮ፣ ከቤቴ ውጪልኝ” ብላ አባረረቻት። ሞትን አልፈራም ብል እዋሻለሁ፤ ያንን ግን ከሞት አብልጬ እፈራዋለሁ። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ ልጆቼ ገና ተማሪዎች ናቸው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። በእህቷ ያየችውን በልጇም ልታይ ነው ብዬ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ብቻዬን ራሴን መጠበቅ ጀመርኩ። የምሠራው ቤቴል አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። የሚቀጥለው ወር አርብ ሲደርስ ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ማታ ልወጣ ስል ስልኬ ላይ “ዛሬ አርብ ነው፣ ገበያ አልሄድኩም” ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ልጅት ከሩቅ ስታየኝ ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ አለች። “ይኸው፣ ረስተሽው ሄደሽ ስጨነቅ አደርኩ።”

የዘረጋችልኝ አረንጓዴ የሸራ ቦርሳ ነው። ማንገቻው የመኪና ቀበቶ ነው።

የእኔ ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ነበር። በእጄ ዳሰስኩት፤ አለ። ልጅት መጀመሪያ በእጇ ያለውን፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያለውን አየች። “በስመአብ!” ብላ ቦርሳውን እንደ ትኩስ ነገር ጆንያው ላይ ጣለችው። እኔም እንደ እሷ ማማተብ ብችል በወደድኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዝኳቸው። ሸራው አንድ፣ ክሩ አንድ፣ ኪሱ የተሰፋበት ቦታ እንኳ አንድ። ልዩነቱ የሁለተኛው ማንገቻ በአንድ ጎን ተገንጥሎ መንጠልጠሉ ብቻ ነው። ኪሱ ውስጥ ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ቅጠል አገኘሁ፤ ጀርባው ላይ ዝርዝር ተጽፎበታል። መጀመሪያ ጨው ይላል። ወደ ታች ላለማየት ታገልኩ፣ አልቻልኩም። መጨረሻው ላይ “ሻማ፣ ለማንኛውም” ይላል።

የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ይሁን የሌላ መለየት አቃተኝ። ስልኬን አውጥቼ የትናንቱን ማስታወሻ አነበብኩ። ገበያ አልሄድኩም ይላል። ግን እሱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ የማይታመን ሰው የጻፈው እንዴት ይታመናል? ታክሲ ውስጥ ሁለቱንም ቦርሳዎች አቅፌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ሰው ስሙንና ቤቱን እያወቀ ወደ ቤቱ እየሄደ መሆኑ አስቀናኝ። ሁለተኛውን ቦርሳ አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። በዚያ ወር ድስት በጣድኩ ቁጥር እሳቱን ማጥፋቴን ሦስት ጊዜ አያለሁ፤ የልጆቼን ስም በልቤ እየደጋገምኩ እተኛለሁ።

ወሩ ዞሮ ሲመጣ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። “እማዬ፣ በዚህ ወር አስቤዛውን አርብ እገዛዋለሁ” አልኳት።

እናቴ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። “አርብማ አይኬድም።”

“ለምን?”

“የለመድነው ቅዳሜ ነው። አርብ አትሂጂ፣ ልጄ።”

ድምጿ የልመና ነበር። እናቴ እኔን ለምናኝ አታውቅም። ሄድኩ።

ባለሱቋ ልጅ ከእኔ ብሳ ፈርታ ስለነበር አልተከራከረችም። ከጓዳዋ መግቢያ፣ ከተደረደሩት ጆንያዎች ኋላ በርጩማ ሰጠችኝ። የተቀደደውን ቦርሳ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ማንም ባይመጣ ይሻላል ወይስ ቢመጣ? ማንም ካልመጣ ያቺ የአርቧ ሴት እኔ ነኝ ማለት ነው። ከመጣች ደግሞ ምን እንደምትሆን አላውቅም። የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ለመሳል ግን ፈራሁ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ “እንደምን ዋልሽ? ቦርሳዬን እዚህ ጥዬ ሄጄ ይሆን?” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ድምፁ የእኔ ነው። በስልክ የተቀዳ ድምፅሽን ስትሰሚ እንደሚመስለው፣ ትንሽ ሌላ፣ ግን የራስሽ። ባለሱቋ ወደ እኔ ዞረች። በጆንያዎቹ መካከል አጮልቄ ሳይ ነጠላ የተከናነበች ሴት አንዷን የምስር ፍሬ በፊት ጥርሷ ነከሰች። ጥርሷ ፍንጭት ነው። እኔም ፍንጭት ነኝ፤ አባቴም ነበር።

ተነሳሁ። ከቅርብ ሳያት አሥር ዓመት ያህል ታንሰኛለች፣ ሞላ ያለች ናት፣ አገጯም የእኔ አይደለም። ግንባሯ ግን የአባቴ ግንባር ነው። እሷ ፊቴን አላየችም። መጀመሪያ በእጄ የያዝኩትን ቦርሳ አየች፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያለውን። ከዚያ ቀስ ብላ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች።

“የቅዳሜዎቹ ነዎት አይደል?” አለችኝ።

“የምን ቅዳሜ?”

ቀለሟ ተለዋወጠ። “አያውቁም እንዴ? አባዬ አርብ ለእኛ ይገዛ ነበር፤ ሳንሱሲ ሰፈር እኛ ጋ ያድርና ቅዳሜ ለእናንተ ይገዛ ነበር። የምታውቁ መስሎን... እኛ ሁሌም እናውቃለን። ሲቀበርም ከኋላ ቆመን ነበር።”

በቅድሚያ የተሰማኝን ብናገር ያሳፍረኛል፤ ደስ አለኝ። አእምሮዬ ደህና ነው፣ ልጆቼን አልረሳም፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ደስታው ግን ከሱቁ ደጃፍ አላለፈም። አርቦቹ አንድ በአንድ ይመጡብኝ ጀመር። ባዶ ቦርሳ አንግቶ የሚወጣ አባት፣ የተዘጋ መኝታ ቤት፣ አንገታቸውን የደፉ አሮጊት። ሰላም ዋይም ሳልላት፣ ምንም ሳልገዛ፣ ሁለቱን ቦርሳዎች እንደያዝኩ ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ሳወጣ ሳወርድ ደረስኩ። ሰባ ዓመት ያለፋትን ሴት፣ ባሏን ቀብራ የተጽናናችን ሴት፣ አሁን ምን ብዬ ላፍርስባት? ደብቂው የሚለኝ ሐሳብ አሸንፎ ነበር። ግን በሩን ስከፍት እናቴ ሳሎን ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። ፊት ለፊቷ ምግብ አልነበረም። አርብ ነው። ዓይኗ በቀጥታ የተቀደደው ቦርሳ ላይ አረፈ።

እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት። የተገነጠለውን ማንገቻ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። “ቀበቶው ደህና ነው። የበሰበሰው ክሩ ነው” አለች።

“እማዬ፣ ይህን ማን ሰፋው?”

“ማን ይሰፋዋል? ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው የሰፋኋቸው። የእነሱን አሳንሼ ልሰፋው ነበር፣ ከዚያ ልጆች አሉበት ብዬ እኩል አደረግኋቸው።”

ተቀመጥኩ። እናቴ ሳትቸኩል ነገረችኝ። ድሮ አባቴ ገበያ ልሂድ እያለ በየሳምንቱ እየጠፋ ያድር ነበር። የት እንደሚያድር ስትደርስበት እኔ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ፣ እዚያም ሕፃን ተወልዷል። አላባረረችውም፣ አልጮኸችም። አስቤዛ በወር አንዴ ይሁን አለችው። አርብ የእነሱ፣ ቅዳሜ የእኛ። የቀረው ቀን ሁሉ ከቤቱ አይለይም። ጎረቤት ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጊዜም ይተርፋል ገንዘብም ይተርፋል አለች። ሰውም አመሰገናት።

“ሰላሳ ዓመት! ለእኔ እንኳ?” አልኩ። መጮኼን ያወቅሁት እሷ ደንገጥ ስትል ነው። ተናድጄ ነበር፤ በአባቴ ይሁን በእሷ አላውቅም።

“ዝም አይነቅዝም ይላሉ” አለች። ከዚያ፣ “ልጅቱ ፍንጭት ናት?”

“ናት።”

ራሷን ነቀነቀች። የመርፌ ሣጥኗን ስቤ እንዳመጣላት በእጇ አመለከተችኝ፣ አመጣሁላት። ዓይኗ ደክሟልና ክሩን አስገባሁላት። ጎንበስ ብላ ማንገቻውን ትሰፋ ጀመር፤ ድርብ አድርጋ፣ ጠበቅ እያደረገች፣ ዕድሜውን ሙሉ እህል ይሸከምበታል ብሎ እንደሚሰፋ ሰው።

“ለሚመጣው አርብ እንዲደርስላት ለባለሱቋ ስጪያት” አለች።

“እማዬ፣ እንዴት ቻልሽው?”

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ ማንገቻውን ሳብ አድርጋ ጥንካሬውን ሞከረች፣ ቦርሳውን አጣጥፋ ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

“በወር አንዴ እኮ ነው” አለች፤ “ይቻላል።”