ኮባ የለበሰው ኤሲ

አባቴን ከአረቅጥ አውርጄ ወልቂጤ እኔ ቤት ያመጣኋቸው ብርዱ ጉልበታቸውን ስላሰቃያቸው ነበር። በገቡ በሳምንቱ ጉልበቱ ተረሳና ወሬው ሁሉ ስለ ሙቀት ሆነ። ጋቢያቸውን ጥለው በሸሚዝ ይቀመጡና «ይሄ ቤት ነው ምድጃ?» ይሉኛል። በመጨረሻ ቅዳሜ ወደ አገሬ እገባለሁ ብለው ቆረጡ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት ብቻቸውን ናቸው፤ ከእንግዲህ ብቻቸውን እንዲያድሩ አልፈልግም። እልኸኛ ነኝና ኤሲ ገዝቼ አስገጠምኩ።

የመጀመሪያውን ቀን ሳሎኑ ቀዘቀዘ፤ እኔም ተኩራራሁ። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ኤሲው ያጉረመርማል እንጂ አያበርድም። ሪሞቱን አሥራ ስድስት ላይ አደረስኩት። ማጣሪያውን አውጥቼ አጠብኩት። በርና መስኮቱን ዘጋሁ፤ ጭራሽ ባሰበት።

«ተይው ልጄ፣ እሱም ደከመው» ይላሉ አባቴ።

ዓርብ ዕለት ፍሪጅና ኤሲ የሚጠግን ባለሙያ ጠራሁ። ሳሎን ያለውን ሣጥን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «እትዬ፣ ጋዙ አልቆ ይሆናል» አለኝ።

«በሦስት ቀን? ጠጣው እንዴ!»

«እስቲ የውጭውን ሣጥን ልየው» ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። የውጭውንስ እኔ ከነመኖሩም ረስቼዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ የሰውዬው ሳቅ ተሰማኝ።

ወጣሁ። ግድግዳው ሥር የተቀመጠው የኤሲ ሣጥን የለም። በቦታው በቃጫ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ፣ ለመስቀል በዓል የተቋጠረ ቅቤ የመሰለ ትልቅ የኮባ ጥቅል ተቀምጧል። ከላይ እርጥብ ቅጠል፣ ከሥሩ የጠወለገ፣ ከዚያም ሥር የደረቀ።

«አባዬ! ይሄን ማን አሰረው?»

ምንም አላፈሩም። «እኔ ነኝ። እሳት እየተነፈሰ ሲያለከልክ አገኘሁት። ትኩሳት የያዘው ነገር ሌላውን እንዴት ያበርዳል? ቅቤ እንኳ ሳይቀልጥ ከአረቅጥ እዚህ የሚደርሰው በኮባ ተጠቅልሎ ነው።»

ባለሙያው ቃጫውን እየፈታ «አባባ፣ እሳቱ እኮ የሳሎኑ ሙቀት ነው፤ ወደ ውጭ እየተፋልዎት ነበር። አፉን አፈኑት» አላቸው።

«ታዲያ ባሰበት ብዬ አይደል በየጠዋቱ የጨመርኩለት!»

ልጮህ አፌን ከፍቼ ተውኩት። በዚያ ጉልበታቸው በየጠዋቱ ጓሮ እየወረዱ፣ ኮባ እየቆረጡ፣ ጎንበስ ብለው ሲያስሩ ነበር ማለት ነው። መሄድ የቆረጠ ሰው ትቶት የሚሄደውን ቤት ኤሲ አያስታምምም።

ቅጠሉ እንደተነሳለት ሳሎኑ በረደ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴን ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው አገኘኋቸው። ቦርሳቸው አልተነካም።

«መኪናው እንዳያመልጥዎት» አልኳቸው ሆን ብዬ።

«የት ልሄድ? አረቅጥን ቤት ድረስ አምጥተሽልኝ!» አሉና ወደ ኤሲው ቀና ብለው አዩ። «ትንሽ ግን ቀንሺው፤ ጉልበቴን ጀማምሮኛል።»