አሥራ አንደኛው ዋንዛ

የመሬት ልኬት ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ አንድ መዶሻና አንድ እቅፍ የወይራ ካስማ ነበር። ማዕረጌ “ካስማ ተካይ” ይባላል። ከእኔ በታች የነበረው በቅሎ ጠባቂው ብቻ ነው። በቅሎዋ ግን የአለቃችን ስለነበረች ከሁለታችንም በላይ ትከበር ነበር።

ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁ የሸዋ ሰው ልጅ ነኝ። ኦሮምኛውን ከሠፈር ልጆች ጋር ስራገጥ ነው የለመድኩት። መሥሪያ ቤቱም የቀጠረኝ ለጉልበቴ ሳይሆን ለዚሁ ነበር፤ ገበሬው ሲራገም የሚለውን የሚሰማ ሰው ፈልገው ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀላድ የሚባለው የመለኪያ ገመድ ከጠፍር የተገመደ ነው፤ ርዝመቱ መቶ ሠላሳ ሦስት ክንድ፣ በሁለቱም ጫፍ የእንጨት እጀታ አለው። ሁለት ጎታቾች ይወጥሩታል፣ እኔ ጫፉ ላይ ካስማ እተክላለሁ፣ ቆጣሪው “አንድ!” ብሎ ይጮኻል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። ለም መሬት በርዝመት አሥራ አንድ፣ በወርድ ሰባት ገመድ ሲወጣው አንድ ጋሻ ሞላ ይባላል። ከዚያ ያለፈው “ትርፍ” ነው። ትርፍ የመንግሥት ነው። የመንግሥት የሆነው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ የአንድ ሹም ዘመድ ርስት ሆኖ ይገኛል።

አለቃችን ባላምባራስ ደግፌ ይባሉ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ለጣሊያን መንገድ አስለክተዋል፣ ጣሊያን ሲወጣ ለንጉሥ መሬት ማስለካት ጀመሩ። ሹመት የማይለቃቸው ሰው ነበሩ። ገመዳቸውን ከራሳቸው ስልቻ በቀር ሌላ ቦታ አያሳድሩትም፤ አንዱ እጀታም ከሌላው ወፍራም ነበር፣ ዙሪያውን በቆዳ የተሰፋ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ “አንተ ካስማህን ትከል” አሉኝ።

በሁለተኛው ዓመት ከነቀምቴ ወደ አርጆ በሚወስደው መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ወደሚርቅ ቀበሌ ወጣን። ተራው የአዴ ጫልቱ ነበር። ባላቸው ኦቦ ኢታና ሞተው፣ እሳቸው አንድ ጋሻውን በሁለት ጥማድ በሬ ያሳርሱ ነበር። መሬቱ ከመንገዱ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ምንጩና ቡናው ታች ወንዙ ዳር ነው፤ ያ ቦታ ከተወሰደ የቀረው መሬት ውኃ የሌለው ደረቅ ሜዳ ነው። ባላምባራስም ልኬቱ ከላይ ከመንገዱ እንዲጀምር አዘዙ። ትርፉ የት ላይ እንደሚወድቅ ያኔውኑ ገባኝ፤ ዝም አልኩ።

ፀሐዩ ከባድ ነበር። በመሬቱ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች የዋንዛ ዛፎች ተሰልፈው ቆመዋል። ባላምባራስ ገመዱ በዛፎቹ ሥር እንዲጣል አደረጉ፤ በቅሏቸው ላይ ሆነው ከጥላ ወደ ጥላ ሊሄዱ ነው። ሰው በምቾቱ እንደሚጠመድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያውን ካስማ ስተክል አንደኛው ዋንዛ ዘጠኝ ክንድ ያህል ወደፊት ነበር። ሁለተኛው ካስማ ከሁለተኛው ዛፍ ዐሥራ ስምንት ክንድ አነሰ። ሦስተኛው ሃያ ሰባት። አሥራ አንደኛውን ስተክል አሥራ አንደኛው ዋንዛ ወንዙ ዳር ሆኖ ዘጠና ዘጠኝ ክንድ ርቆ ያየኛል። ቆጣሪው “ሞላ!” አለ። ከካስማው ወዲያ ያለው ምንጭና ቡና ትርፍ ተብሎ ተመዘገበ።

አዴ ጫልቱ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። “ኢልማ ኮ፣ ልጄ” አሉኝ በኦሮምኛ፣ “ኢታና በፊተኛው ልኬት ጊዜ ሰዎቹን አላመነም። ካስማ በተተከለበት ሁሉ ዋንዛ ተከለ። ዛሬ ካስማህ ለምን ዛፉ ጋ አልደረሰም?”

“ዛፉ አዘንብሎ ይሆናላ፣ አዴ” አልኳቸው።

አሥራ አንድ ዛፍ በአንድ ላይ አያዘነብልም። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ቀና ብለው አዩኝና ሄዱ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አዴ ጫልቱ ነቀምቴ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጎረቤቶቻቸው “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ብለዋቸው ነበር። “እኔ የከሰስኩት ገመዱን ነው” አሉ። ዳኛው ኦሮምኛ አሳምረው የሚናገሩ የወለጋ ሰው ቢሆኑም ሥርዓቱ በአማርኛ ብቻ ይሁን ስለሚል፣ ሴትዮዋ የተናገሩትን ሰምተው ሲያበቁ አስተርጓሚው እስኪደግምላቸው ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። መንግሥታችን እንዲህ ያለ መንግሥት ነበር፤ የሰማውን እንዳልሰማ የሚሆን።

ባላምባራስ ካባቸውን ደርበው ቀረቡ። “ዛፍ በየትም ይበቅላል። ንጉሥ ይሙት፣ ገመዴ ልክ ነው!” አሉ። በዚያ ዘመን ከሐሰተኛው ብዛት ንጉሥ ሳይሞት የሚውልበት ቀን አልነበረም።

ዳኛው ካስማ ተካዩ ይጠየቅ አሉ። በር ላይ ባላምባራስ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ “እንጀራህን አስብ” ብለውኝ ነበር። አሰብኩት። የአዴ ጫልቱንም አሰብኩ።

“ክቡር ዳኛ” አልኩ፣ “ለሴትዮዋ ዛፉ አዘንብሏል ያልኩት ውሸቴን ነው። ዛፉ አላዘነበለም። የወፍራሙ እጀታ ስፌት ይፈታ።”

ባላምባራስ፣ “የመንግሥት ዕቃ አይቀደድም!” ብለው ተነሡ። ዳኛው አስተርጓሚውን ሳይጠብቁ ወደ አዴ ጫልቱ ዞረው ራሳቸው በኦሮምኛ ተናገሩ፦ “ቅዳሜ ከዛፎቹ ሥር እንገናኝ።” ገመዱም እስከዚያ ፍርድ ቤቱ ዘንድ እንዲቀመጥ አዘዙ።

ቅዳሜ የወጣውን ያህል ሕዝብ ለገበያ እንኳ ሲወጣ አላየሁም። ዳኛው ቢላዋ ሰጡኝ። ስፌቱን ስተረትር፣ እጀታው ላይ ተጠምጥሞ የተደበቀው ጠፍር እየተፈታ እግሬ ሥር ወደቀ። ዘጠኝ ክንድ ነበር።

ገመዱን ከመንገዱ ወጠርነው። ጫፉ አንደኛው ዋንዛ ግንድ ላይ አረፈ። አንዲት ሴት እልል አለች። ሁለተኛው ላይ ዐሥር ሆኑ። አምስተኛው ላይ ቆጣሪያችን መቁጠሩን ሕዝቡ ነጠቀው፤ “ሸን!” “ጀሃ!” “ቶርባ!” እያለ በኦሮምኛ ይቆጥር ጀመር፣ ጸሐፊውም ሳይወድ መዘገበ። አሥራ አንደኛውን ካስማ ከምንጩ አጠገብ፣ ከመጨረሻው ዋንዛ ሥር ተከልኩት። አዴ ጫልቱ መዶሻዬን ተቀብለው አንዴ ራሳቸው መቱት። እኔ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ከደስታ ነው።

ምንጩ ለአዴ ጫልቱ ጸና። በዚያው ገመድ የተለካው የቀበሌው መሬት ሁሉ እንደገና ተለካ፣ ትርፍ የተባለውም ለየባለቤቱ ተመለሰ። ባላምባራስ ታሰሩ ማለት ቢያምረኝም አልታሰሩም፤ ማዕረጋቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ነው ነገሩ፤ እሳቸው ግን በልተውም አልተሻሩም፣ መንግሥቱም ያው ነበር። እኔን “ለጊዜው ሥራ የለም” ብለው አሰናበቱኝ።

ግን ወሬው ከእኛ ፈጠነ። በአርጆም፣ በስሬም፣ በጊምቢም ገበሬው ገመድ ይዞ የሚመጣን ሰው “ቆይ፣ መጀመሪያ እሱን እንለካው” ማለት ጀመረ። እጀታው ሳይፈታ ማንም መሬቱን አላስነካ አለ። መሥሪያ ቤቱ ሥራ ሲቆምበት፣ ሕዝቡ የሚያምነው ሰው ተፈለገና እኔን ጠሩኝ። በቆጣሪነት ተመለስኩ፣ ኋላም የራሴን ገመድ ይዤ አለቃ ሆንኩ።

አለቃ በሆንኩ በመጀመሪያው ወር ጊምቢ አጠገብ ገመዴን ስዘረጋ አንዲት ባልቴት፣ “ፍታው፣ ይለካ” አሉኝ። ደሜ ፈላ። “እናቴ፣ የአዴ ጫልቱን ገመድ የፈታሁት እኮ እኔ ነኝ!” አልኳቸው።

“ሰምቻለሁ፣ ዋቃ ይባርክህ” አሉኝ። “አሁን ፍታው።”

ፈታሁት። ጎንበስ ብለው በክንዳቸው እየሰፈሩ፣ አንድም ሳያስቀሩ ቆጠሩ። ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ባለመሬቱ ገመዴን ሳይለካ መሬቱን ለክቼ አላውቅም።