እግር ያወጣችው ነጥብ

ቦንጋ የራጅ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ በሙያዬ እመካ ነበር፣ ያውም ክፉኛ። ስለ ፊልምና ስለ ስክሪን ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ጆሮዬ ይቆረጥ እል ነበር። ይኸው ጆሮዬ የሚቆረጥበት ቀን መጣ፤ ልንገራችሁ።

ትልልቅ ከተሞች ራጅን በኮምፒውተር ማየት ከጀመሩ ሰነበቱ። እኛ ጋ ገና ፊልም ነው። ሰው ደግሞ ጨረሩ ራሱ ፊልሙ ላይ ሥዕል የሚሥል ይመስለዋል። የለም! ጨረሩ ፊልሙን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ብዙም አያጠቁረውም። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ስክሪኖቹ ናቸው። ካሴት የምንላት ጠፍጣፋ ሳጥን አለች፤ በውስጧ ከላይም ከታችም ነጭ ዱቄት የተቀባ ሉክ ተለጥፏል፣ እሱ ነው ስክሪን። ፊልሙ መሀላቸው ይተኛል። ጨረር ሲያርፍበት ዱቄቱ ቦግ ይላል፤ ፊልሙን የሚያጠቁረው ይሄ ብርሃን ነው። በዚህም በሽተኛውን በጥቂት ጨረር እንገላግለዋለን። ታዲያ በስክሪኑና በፊልሙ መሀል ፀጉርም ትሁን አቧራ ከገባች ብርሃኑን ትጋርዳለች፣ የተጋረደው ቦታም ነጣ ብሎ ይቀራል። ለዚህ ነው ስክሪን በየሳምንቱ የሚጸዳው። ይህን ለተለማማጆች እየጮኽኩ አስተምር ነበር። እኔ ራሴ መቼ እንዳጸዳሁ ብቻ አትጠይቁኝ።

ጣጣው የጀመረው ከአንድ ማር ቆራጭ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካ ዳር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀፎ ሲሰቅሉ ከዛፍ ወድቀው ጎናቸውን ይዘው መጡ። ደረታቸውን አነሳኋቸው፤ አጥንታቸው ደህና፣ ሳንባቸውም ንጹሕ ነው። ደስ ብሏቸው ሄዱና ሲመለሱ አንድ ቅል ማር ከነሰፈፉ ይዘውልኝ መጡ። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ከትልቁ ቀረሮ ዛፍ የተቆረጠ ነው፤ ለሰው አልሰጥም" አሉኝ። ጠቆር ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ማር ነበር።

ባልደረቦቼን አውቃቸዋለሁ፤ ቢያዩት እስከ ምሳ አይተርፍም። ስለዚህ ማንም ዝር የማይልበት ቦታ ደበቅሁት፤ ጨለማ ክፍል። በሩ ላይ "አይግቡ! ፊልም ይቃጠላል" የሚል ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ። ቀዩን አምፖል አብርቼ፣ ፊልሙን ሥዕል አውጪው ኬሚካል፣ ዴቨሎፐር ውስጥ ነክሬ ሥዕሉ እስኪወጣ ስጠብቅ፣ በጣቴ አንዴ ላስ፣ ደግሞ ላስ። ከዚያም በዚያው ጣቴ ለቀጣዩ በሽተኛ ካሴቷን እሞላለሁ። አንድ ቀን ፊልሙ ከካሴቷ አልላቀቅ ብሎ ያዝ አለብኝ። "አይ የቦንጋ እርጥበት!" ብዬ ዝናቡን ሰደብኩ።

በዚያው ሳምንት ነጥቧ ብቅ አለች። መጀመሪያ የአንድ አስተማሪ ደረት ላይ፣ ቀጥሎ የአንዲት ነጋዴ ደረት ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ሦስተኛው ጎድን ሥር። የባቄላ ፍሬ ታህላለች። የደረት ካሴታችን አንዲት ብቻ ናት፤ ሰውንም ሁሉ አገጩን ጫፏ ላይ አስደግፌ ስለማነሳ ነጥቧ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ዶክተሩ እንደኔው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ምርምር ሲባል እንቅልፍ የለውም። "አዲስ በሽታ ነው! የጫካ ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም!" ብሎ ደብተር ከፈተ።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር ዶክተር" አልኩት። ምኑን አባቴ እንደጠረጠርኩ እንጃ!

ሐሙስ ዕለት ማር ቆራጩ ሳል ይዟቸው መጡ። ነጥቧ እሳቸውም ላይ አለች። ዶክተሩ ይዘውት የመጡትን የድሮውን ንጹሕ ፊልማቸውን ካዲሱ ጎን ሰቀለና ፊቱ ተለወጠ። "ያኔ የለም፣ አሁን አለ። በፍጥነት ያድጋል ማለት ነው። ሰኞ ጅማ ይሄዳሉ፤ ደረትዎ ተከፍቶ ይወጣል" አላቸው።

ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ከተከፈትኩ በኋላ ዛፍ እወጣለሁ?"

ዶክተሩ የጅማውን መላኪያ ወረቀት መጻፍ ጀመረ። አንጀቴን በሉኝ።

እኛ ጋ ደግሞ ፊልሙን ፖስታ ውስጥ ከቶ የሚሄድ ሰው የለም። ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ወደ ሰማይ ያነሳዋል፤ ጎረቤቱ ያነብለታል፣ የጎረቤቱ ጎረቤት ያርመዋል። ማር ቆራጩም ወጥተው ፊልማቸውን አነሱ። ከአግዳሚው ማዶ ጫፍ ከሺሺንዳ የመጡ ሌላ ሽማግሌ የራሳቸውን አንስተዋል። ሁለቱም ላይ ነጥቧ አለች፣ በዚያው ጎን፣ በዚያው ቦታ። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ የራሱን ፊልም ትቶ እነሱን ያይ ጀመር፤ ምክንያቱም ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሰላምታ ተባብለው አያውቁም። በአባታቸው ለቅሶ ላይ ታላቅየው፣ ማር ቆራጩ፣ ታናሹን "አንተ የአባቴ ልጅ አይደለህም፤ ከቀረሮው ዛፍ ድርሻ የለህም" ብለዋቸው ነበር።

ታናሽየው ተነሱ። ፊልማቸውን ከታላቃቸው ፊልም ላይ አነባብረው ወደ ፀሐይ አነሱት። ነጥብ በነጥብ ላይ ልክክ አለ።

"ወይ ጉድ!" አሉ ታላቅየው። "አባታችንም እኮ ሲሞት በዚሁ ጎኑ ነበር ያመመው። የሱ ደም ነህ! እኔ ነኝ የበደልኩህ።" ተቃቅፈው አለቀሱ። ሴቶቹ እልል አሉ። በመስኮት የማየው እኔም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አነባሁ። ታናሽየው ሰኞ ወንድማቸውን ጅማ ሊያደርሱ እዚያው ማሉ።

ቅዳሜ የአንዲት እናት ደረት አነሳሁ። ፊልሙን ከውኃው አውጥቼ ብርሃን ላይ ሳደርገው ነጥቧ እግር አውጥታለች። ስድስት! ዶክተሩ አየና ከወንበሩ ተነሳ፣ ደግሞ ተቀመጠ። "ተውሳክ ነው፤ ተፈልፍሏል" አለ በሹክሹክታ።

እኔ ግን እግሮቹን ደግሜ ቆጠርኩ። ይችን ጉንዳን አውቃታለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ቅሌን ስትጎበኝ ነበር። ጨለማ ክፍል ገብቼ ነጩን መብራት አበራሁና ካሴቷን ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ ባቄላ የምታህል የደረቀች ማር፣ ከነሰፈፏ። መሀሏ ላይ ጉንዳኗ እግሮቿን ወደ ውጭ ዘርግታ ተጣብቃ ሞታለች።

ወይኔ ጉዴ! ጠርጌ ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ዝም ብል ሰኞ የሽማግሌው ደረት በኔ ጣት የተነሳ ሊከፈት ነው። ብናገር ደግሞ ሐሙስ የተገኘ ወንድም ዛሬ ሊጠፋ ነው። ለዶክተሩ ነገርኩት። ደብተሩን ዘጋና "ምርምሬስ?" አለ። ከዚያ በኋላ ሰደበኝ፤ ተገቢ ስድብ ነበር።

እሁድ ካሴቷን ታቅፌ በሞተር፣ ቀሪውን በጭቃ በእግሬ፣ ማር ቆራጩ ቤት ደረስኩ። ወንድማማቾቹ አንድ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ፊልሞች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ቅሉን፣ ጣቴን፣ ጉንዳኗን። ካሴቷንም ከፍቼ አሳየሁ። "በሽታ የለብዎትም ጋሼ። ጅማ አይሄዱም። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

ታናሽየው ቀስ ብለው ተነሱ፣ ዣንጥላቸውን አነሱ። "እንግዲህ ምልክቱም ውሸት ነው" አሉና ወደ በሩ ሄዱ።

ታላቅየው ካሴቷን ወደሳቸው ሳቡ። የደረቀችውን ማር በጥፍራቸው ፈቀፈቁና አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

"ጋሼ፣ ኧረ ኬሚካል አለው!" ብዬ ጮኽኩ።

አልሰሙኝም። አጣጣሙ። ጥቂት ፈቅፍቀው ደግሞ ለወንድማቸው ዘረጉ። "ቅመስ" አሉ።

ታናሽየው በሩ ላይ ቆመው ቀመሱ።

"የየትኛው ዛፍ ነው?" አሉ ታላቅየው።

"የትልቁ ቀረሮ።"

"እሱ የማን ነው?"

ታላቅየው ራሳቸው ጨረሱት። "የአባታችን ነው። ታዲያ ምልክቱን በሁለታችን ላይ ማን አደረገብን? እሱ አይደል? ና ተቀመጥ።" ታናሽየው ዣንጥላቸውን ጥለው ተቀመጡ።

ሰኞ ዶክተሩ እንዲያረጋግጥ አብረው መጡ። ስክሪኑን ሦስት ጊዜ አጽድቼ ሁለቱንም አነሳኋቸው፤ ነጥብ የሚባል የለም። ንጹሑን ፊልም ለታላቅየው ሰጠኋቸው። ወደ ሰማይ አንስተው አገላብጠው አዩና መለሱልኝ።

"ይሄ የማንም ሰው ደረት ነው፤ የኔ ደረትማ ቤቴ መስኮት ላይ ነው፣ ከወንድሜ ጎን" አሉኝ።