ሻንጣ ይዞ መዞር

ሰው በገዛ ሰፈሩ ከልጅ ልጆቹ ጋር ባዶ ሻንጣ እየጎተተ ቢዞር ምን ይባላል? ነቀምቴ ላይ ሽብር ነዢ ይባላል! ድርቤን ያሏት ይህንኑ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ድርቤን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም። ቁርስ ቤቷ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ምላሷ ስለታም፣ እጇ ለጋስ። አባቷ ሚሊሻ ሆኖ ኦጋዴን ሲቀር፣ እሷን ገና ጥርሷን ነቅላ ሳትጨርስ እንደሷ ካሉ ልጆች ጋር በመርከብ ጭነው ኩባ ወሰዷት። እዚያ አደገች፣ እዚያ ተማረች። ኖርማ የምትባል የመኝታ ቤት ሞግዚት ናት ፀጉሯን እየሠራች፣ ሲያማት አጠገቧ እያደረች ሰው ያደረገቻት። አገሯ ስትመለስ ትልቅ ሴት ሆና፣ ኦሮምኛዋም አማርኛዋም ተሰባብሮ ነበርና ገበያው ሁሉ ሳቀባት። "ኩባዋ" የሚለው ስም ያኔ ወጣላት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ከኖርማ የወረሰችው አንድ ነገር ነው። እነሱ ዘንድ አዲስ ዓመት ሲገባ ሰው ባዶ ሻንጣ ይዞ ሰፈሩን ይዞራል፤ በአዲሱ ዓመት መንገድ እንዲቀናው፣ አገር እንዲያይ። በቃ፣ ይኸው ነው! ድግምት የለበት፣ ጥንቆላ የለበት። ድርቤ ልጇን ነመራን እንዲህ እያዞረች አሳደገችው። አሁን እሱና ሚስቱ ጉቴ ከተማ ስለሚሠሩ፣ ልጆቹ ሜቲና ታናሽ ወንድሟ ሮብሳን እሷ ጋ ሆነው ይማራሉ፤ እነሱንም ታዞራለች። ሃቫና ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ጠዋት ሩዝ በጥቁር ቦሎቄ ይበላል፣ ዘፈን ይከፈታል፣ ከዚያ ሻንጣው ይወጣል። ልጆቹ ከገናም አብልጠው የሚጠብቁት ቀን ነው።

ባለፉት ዓመታት ጊዜው ክፉ፣ ሰው ሻንጣውን ይዞ የሚሸሽበት ስለነበር የዞሩት ግቢያቸው ውስጥ ብቻ ነበር። ዘንድሮ "ሰላም ነው" ተባለ። ድርቤም አመነች፤ ማመኗ ነው ጥፋቷ!

ሜቲ ሻንጣውን እየጎተተች፣ ሮብሳን እየዘለለ፣ ድርቤ ከኋላ በኩባዎቹ ቋንቋ "ፌሊስ አኞ! መልካም ዓመት!" እያለች ወጡ። ጎረቤቷ እትዬ ሸዋጌጥ ደጇን እየጠረገች ነበር። አያት፣ ልጆች፣ ሻንጣ፣ በማለዳ! "ምን ሰምታ ነው?" ብላ መጥረጊያዋን ጥላ ገባች። ኧረ ጎረቤት አይደለሽም ወይ፣ "ወዴት ነው?" ብለሽ ብትጠይቂ ምን ነበረበት? አልጠየቀችም። ለእህቷ ደወለች፣ እህቷ ለሌላ ሰው። ድርቤና ልጆቹ ዙሩን ሳይጨርሱ ሱቅ እየተዘጋ፣ ባጃጅ ላይ ፍራሽ እየተጫነ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየጠሩ ይሯሯጡ ጀመር።

"ምንድን ነው? ምን መጣ?" አለች ድርቤ፣ ራሷም ደንግጣ።

"አንቺው ነሽ እንጂ! አንቺ ስትወጪ አይተን ነው!" አላት ፍራሽ የተሸከመ ጎረምሳ።

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጉደታ ሸዋጌጥን አስከትለው ድርቤ ቤት መጡ። የቀረበላቸውን ውሃ እንኳ አልነኩም።

"አዴ ድርቤ፣ ሰው አስደንግጠሻል። እሁድ እድሩ ፊት ቆመሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ይህን ነገር ዳግመኛ ላታደርጊም ቃል ትገቢያለሽ።"

"ይቅርታ? ልጆቼን ስላጫወትኩ?"

"ደግሞስ የኩባ ነገር ምንሽ ነው?" አለች ሸዋጌጥ። "አንቺ እዚሁ ጉቶ ጊዳ የተወለድሽ ልጅ!"

ድርቤ ብድግ አለች። "ምኔ ነው? ያሳደገችኝ እናቴ ናታ! አንቺስ እናትሽ ከጎጃም ይዛው የመጣችውን ቡሄ ለልጆችሽ ታከብሪ የለም ወይ? ጅራፋቸው እንቅልፍ ሲነሳን ማን እድር ፊት አቆመሽ? እኔ ለእነዚህ ልጆች የማወርሰው መሬት የለኝ፣ ቤት የለኝ። ያለኝ ይህ ብቻ ነው፤ አልተውም!"

"ሻንጣ የያዘ ሰው ሲያይ ሕዝቡ..." ብለው ጀመሩ ኦቦ ጉደታ።

"ባዶ ሻንጣ ነው እኮ! ባዶ! ሜቲ፣ አምጪው እስቲ፣ በዓይናቸው ይዩት!"

ሜቲ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። አንገቷን ደፋች። ድርቤ በንዴት ራሷ ሄዳ አመጣችውና እፊታቸው ዘርግታ ዚፑን ከፈተችው።

ባዶ አልነበረም። የሮብሳን ሹራብ ነበረበት፣ ጫማው፣ በፌስታል የታሰረ ዳቦ፣ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ፣ የእናትና አባታቸው ፎቶ።

"ሜቲዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ባዶውን አይደል የምንዞረው?"

"ካልተመለስንስ ብዬ ነው፣ አኮ" አለች ልጅቷ ለአያቷ። "ክፍሌ ውስጥ ያሉት ተፈናቃይ ልጆች ሻንጣ ይዘው ነው የመጡት። ሲወጡ እንመለሳለን ብለው ነበር።"

ድርቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሸዋጌጥ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኦቦ ጉደታ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እሺ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለች ድርቤ። "እሁድ እድሩ ፊት እቆማለሁ። እኔ አንድ ጠዋት አስደንግጫችሁ ነው። ይህችን ልጅ እንዲህ ያደረጋትስ? እሱ የትኛው እድር ፊት ነው የሚቆመው? ንገሩኛ!"

ዳቦውን አወጣች፣ ሹራቡን አወጣች፣ ፎቶውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። "ተነሱ" አለቻቸው ልጆቹን፣ "አሁን በባዶው እንዞራለን፤ የፈለገ ይደንግጥ!" ሜቲ ባዶውን ሻንጣ እየጎተተች ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር ዞረች። የወንድሟን ጫማ ግን ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ ብትባል ብትባል አልለቀቀችውም።