ከውጭ ብቻ የምንወለውለው ማሽን

ዛሬም በቦሌ ሚካኤል ብየዳ ቤቶች በኩል ሳልፍ ያ የሚሰነፍጥ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ክው እላለሁ፣ ልጆች ሳለን «ንጹሕ አየር» እያልን ስንምገው የኖርነው እሱን ነበርና።

ታናሽ ወንድሜ ናሆም አስም ነበረበት። ቤታችን ኢምፔሪያል አካባቢ መንገድ ዳር ስለነበር፣ በጋ በመጣ ቁጥር አቧራው በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ በጣት ስም ያስጽፍ ነበር፣ ናሆምም ደረቱ ሲር ሲር ሲል እማዬ ጀርባውን እያሻሸች አብራው ትቀመጥ ነበር። በኋላ አባዬ አገሯ ልትገባ ዕቃዋን ከምትሸጥ አንዲት ፈረንጅ የኤሌክትሪክ አየር ማጽጃ ገዝቶ መጣ። ውስጡ አቧራ የሚይዙ ስስ ብረቶች እንዳሉት፣ እነሱም በየወሩ ወጥተው በውሃ መታጠብ እንዳለባቸው ነግራው ነበር፣ እማዬ ግን ይህን ስትሰማ ሳቀችበት። «ኮረንቲ በውሃ ይታጠባል እንዴ? ልጆቼን ልትፈጅብኝ ነው?» አለችው። እናም ማሽኑን ከውጭ በደረቅ ጨርቅ እየወለወለች፣ አቧራ እንዳይነካው ደግሞ ዳንቴል አልብሳ አስቀመጠችው። አቧራ እንዲበላ የተገዛውን ዕቃ ከአቧራ ስንጠብቅ፣ ምን ዓይነት ጉዶች ነበርን!

ክረምት ሲገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርም ነበር፣ አንዳንዴም ውስጡ ጧ ጧ እያለ ያ ሽታ ቤቱን ሲሞላው እማዬ እየሠራ ነው ብላ ደስ ይላት ነበር። ናሆም ሲብስበት ፍራሹን ወደ ማሽኑ እናስጠጋለን፣ ደግሞ ሲብስበት ደግሞ እናስጠጋለን።

መስቀል ባለፈ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት ናሆም ትንፋሽ ሲያጥረው እኔ ማብሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩለት። ወዲያው ሳሉ ጠናበት፣ ከንፈሩም ሰማያዊ ሆነ። እማዬ አዝላው ክሊኒክ ሮጠች። ኦክስጅን ተሰጥቶት ከተረጋጋ በኋላ ሐኪሟ ስለ ቤታችን ስትጠይቅ እማዬ ማሽኑን በኩራት አነሳች፣ ሐኪሟም መቼ እንደታጠበ ጠየቀቻት።

አባዬ ቤት እንደገባ ሶኬቱን ነቅሎ ማሽኑን ከፈተው። እኔ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በብረቶቹ መካከል ጥቁር አቧራ እንደ ፍራሽ ጥጥ ታጭቆ፣ ፀጉርና የሞተ ዝንብ ተለጥፎበት፣ ብረቱም እዚህም እዚያም ተቃጥሎ ነበር። አቧራው ላይ ኮረንቲው ጧ ባለ ቁጥር ያ ሳንባ የሚያቃጥል ሽታ ከዚያ ነበር የሚወጣው። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለችና «ይህን ነው ልጄ አፍንጫ ሥር ያስቀመጥኩት?» አለች። አባዬ ብረቶቹን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ ሲያጥባቸው ውሃው አራቴ ተቀይሮም ጥቁር ነበር። ፀሐይ ላይ እስኪደርቁ ማሽኑ ሁለት ቀን ጠፍቶ ቆየ፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት ናሆም አንዴም አልሳለም። ከሁሉም ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ዛሬ እኔም ቤት እንዲህ ያለ ማሽን አለ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ብረቶቹን አውጥቼ አጥባቸዋለሁ፣ ባለቤቴም ያሾፍብኛል። ናሆም ትልቅ ሰው ሆኗል፣ አንዳንዴ እኔ ጋ ጎራ ብሎ ምሳ ከበላ በኋላ ሶፋው ላይ ሸለብ ያደርገዋል። ያኔ ደረቱ ሲር ሲር ሲል ከማድ ቤት ሆኜ እንኳ መኖሩን በጆሮዬ አውቅ ነበር። አሁን ትንፋሹ ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ ሥራዬን ትቼ ጠጋ እልና ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ።